አባ ተማም ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ብረት

«ያ ሙሽራ ገልባጩ ሽማግሌ አረፈ እኮ! ሰማህ?» አለኝ ደረጀ በስልክ።

ደረጀ ጅማ መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ ጎማ የሚጠግን የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ክፋት የለበትም፤ አፉ ግን መዝጊያ የለውም። እኔ አጋሮ ነበርኩ። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥቼ ምሳ ልበላ ስል ነው የደወለው። «ማን?» አልኩት። አሁን ይኼ ይጠየቃል? ጅማ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ ሌላ ሰው የለም።

«አባ ተማም ነዋ! ትናንት ከአሥር ሰዓት ሶላት በኋላ ቀበሩት። ድንኳኑ ዛሬም አለ።»

ሞተውም አንቱታ ነፈጋቸው። ልሰድበው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት፤ ምክንያቱም ስሙን ያወጣላቸው ደረጀ ቢሆንም ስሙ እንዲጸና ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከአምስት ዓመት በፊት የእህቴን የሠርግ መኪና ጅሬን ቁልቁለት ላይ የገለበጡት አባ ተማም ናቸው፤ ይኼ እውነት ነው። ለምን እንደተገለበጠች ግን የማውቅ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ የአንድ ሰው ስም ሲበላሽ ቁጭ ብዬ አየሁ። አሁን ሰውየው ሞቱ፤ ስሙ ግን እዚያው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ እየተሳቀበት ነው። ምሳዬን ትቼ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

አባ ተማም የባሌስትራ ሰው ነበሩ። ከጭነት መኪና ሥር እንደ ቀስት ተጎንብሰው የተደራረቡትን የብረት ቅጠሎች አይታችሁ ከሆነ፣ እነሱ ናቸው ባሌስትራ የሚባሉት። ቡና በሚለቀምበት ወራት ከሊሙ፣ ከጎማ፣ ከማና ወረዳ የሚመጡ የጭነት መኪኖች በራቸው ላይ ይሰለፋሉ። ባለመኪናው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ «አንድ ቅጠል ይጨምሩልኝ፣ ከፍ ያድርጉልኝ፣ ብዙ ልጫን።» እሳቸው ይጨምራሉ፤ ሲበዛባቸው ደግሞ «ላኪ!» ይላሉ፤ እምቢ ማለታቸው ነው። ላኪ ካሉ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ሀጂም ይምጣ ሹም ይምጣ ወይ ፍንክች።

አጭርና ሰፊ ሰው ነበሩ። ራሳቸው ላይ ያለችው ኮፊያ ድሮ ነጭ ነበረች ይባላል። ብረት ሲመረምሩ መፍቻ አንስተው አንዴ ኳ ያደርጉታል፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያኔ ዝም ይላል። ብረቱ ደህና ከሆነ «ቶሌ» ብለው ይስቃሉ። ደህና ካልሆነ አይናገሩም፤ መፍቻውን ቀስ ብለው መሬት ላይ ያስቀምጡታል።

ሰው የሚመዝኑት በፈረሱላ ነው። ፈረሱላ የቡና መስፈሪያ ናት፤ አሥራ ሰባት ኪሎ። አባ ተማም ግን ሰላምታ እየሰጡህ ይመዝኑሃል። «አካም ጂርታ? አራት ፈረሱላ አልሞላህም እኮ፤ እናትህ ምን ታበላሃለች?» ይሉኝ ነበር። አንድ ወፍራም ነጋዴ መጥቶ ሲቀመጥ ደግሞ፣ «ሀጂ፣ እርስዎ ለብቻዎ አንድ ባሌስትራ ይፈልጋሉ» ብለው ግቢውን በሳቅ አፈረሱት። ቀልድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ መኪና ሠርተው ሲጨርሱ፣ ከአወቱ ወንዝ ያስመጡትን አሸዋ በፈረሱላ እየለኩ ጆንያ ይሞላሉ። ተሳፋሪው የሚመዝነውን ያህል። ጆንያዎቹን መኪናው ላይ ጭነው ራሳቸው ነድተው ዳገት ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ከዚያ በፊት መኪናው ለባለቤቱ አይሰጥም። «የሠራው ይቅደም» ነበር የሚሉት። የሠራው ሰው መጀመሪያ ራሱ ይቀመጥበት፣ ማለታቸው ነው።

ይኼን ሕግ ያወጡት ግን በደስታ አይደለም።

ከግቢያቸው ግድግዳ ላይ አንድ ዝገት የበላው የባሌስትራ ቅጠል በሚስማር ተሰቅሎ ነበር። መሐሉ ላይ የብየዳ ጠባሳ አለበት፤ ከጠባሳው አጠገብ ተሰብሯል። እንግዳ ሰው «ይኼ ምንድን ነው?» ካላቸው መልሳቸው አጭር ነው። «ሥራዬ ነው።»

ታሪኩን የነገረኝ አባቴ ነው። ድሮ፣ በቡና ወራት፣ አንድ ባለመኪና ቸኮለባቸው። አንዱ ቅጠል ተሰብሯል፤ አዲስ ለማምጣት ሦስት ቀን ይፈጃል። ባሌስትራ በእሳት አይነካም፤ ይኼን እሳቸው ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። «አንድ ጉዞ ብቻ» ሲላቸው ጊዜ በየዱለት። መኪናው ላይ ረዳት ሆኖ የተሳፈረው የበኩር ልጃቸው ተማም ነበር። በአጋሮ መንገድ እንደወጣ አልተመለሰም። በለቅሶው ሰው ሁሉ ሹፌሩን ሲረግም፣ እሳቸው ድንኳኑ መሐል ተነሥተው ቆሙና «ሹፌሩን ተዉት። የበየድኩት እኔ ነኝ» አሉ። አባቴ እዚያው ተቀምጦ ነበር። «ጥፋቱን በአደባባይ የተናገረ ሰው ከዚያ ወዲያ አይዋሽህም» ይለኝ ነበር፤ የመኪና ነገር ሲሆን ከእሳቸው ሌላ ማንም ጋ አይሄድም።

እኛ አገር ሰውን በልጁ ስም መጥራት አክብሮት ነው። አባ ተማም፤ የተማም አባት። ሰው ጠዋትም ማታም ሲጠራቸው የሞተውን ልጅ ይጠራባቸዋል። አንድ ቀን እንኳ ሲከፋቸው አላየሁም። «አቤት» ይላሉ።

አባቴ ሲሞት አረንጓዴ መኪናው ለእኛ ቀረች። የጣሊያን ሥራ ናት፤ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። እህቴ ትዕግሥት ልታገባ ቀን ስትቆርጥ «በአባዬ መኪና ካልሆነ አልወጣም» አለች። ደስ አለኝ፤ ቀለሙን አስቀባሁ፣ ወንበሩን አሰፋሁ። ግን አንድ ነገር አላስተኛ አለኝ። ያን ሰሞን ስልኬ ላይ የቆዩ መኪኖች ዝቅ ተደርገው፣ ሆዳቸው መሬት ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ ሲንሳፈፉ አይ ነበር። የእኛይቱ ግን ጭቃ እንደምትሻገር አሮጊት ቀሚሷን ሰብስባ ቆማለች። እንዲህ ሆና ፎቶ ልትነሣ? እኔ ነኝ ያለ ታላቅ ወንድም ይኼን ያደርጋል? አጫጭር ሞላ ከአዲስ አበባ ላስመጣ ብል አቅሜ አይችልም። አባ ተማም ጋ ሄድኩ።

«ዝቅ እንዲያደርጉልኝ ነው።»

«ምኑን?»

«መኪናዋን።»

ከመኪናው ሥር እየተሳቡ ወጡና ትክ ብለው አዩኝ። «ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ዕድሜ ልኬን ሰው የሚመጣው ከፍ አድርግልኝ እያለ ነው። ዝቅ አድርግልኝ ያልከኝ የመጀመሪያው አንተ ነህ። ምን አድርጋህ ነው?»

«ለሠርጉ ነው። ለማማር።»

«አምሬ ልሙት ያለው ማን ነበር?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ገንዘብ እንደሌለኝ ስነግራቸው «ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጊዜ ነው» አሉኝ። የፊቱን ሞላ፣ ያን የተጠማዘዘ ብረት፣ አውጥተው በሰጌቶ መጋዝ በእጃቸው መቁረጥ ጀመሩ። በእሳት ቢቆርጡት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ እሳቸው ሁለት ቀን ቆረጡት፤ ብረቱ እንዳይሞቅ ውሃ ጠብ እያደረጉ። ከኋላው ባሌስትራ አንድ ቅጠል ቀነሱ። ገጠሙ፣ አሸዋ ጭነው ነዱ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ፈቱ። አሥር ቀን ፈጀ። በመጨረሻ መኪናዋ በሁለት ጣት ዝቅ አለች።

ሁለት ጣት! እኔ አራት ነበር የፈለግኩት።

«ሁለት ጣት ለአንተ፣ የቀረው ለመንገዱ» አሉኝ።

«ትንሽ ብቻ ይጨምሩልኝ።»

«ላኪ።»

አመስግኜ ወጣሁ። ውስጤ ግን ተቆጥቷል። ሽማግሌው ፈሪ ሆነዋል አልኩ። እሑድ ሠርግ ሊሆን ዓርብ ከሰዓት በኋላ አወቱ መንደራ ነስሩ ጋ ሄድኩ። ነስሩ በያጅ ነው፤ ለቡና መንጣሪዎች ገጀራም ይቀጠቅጣል። ሞላውን ከቦታው ሳይነቅል በእሳት አጋለው። ብረቱ ሲቀላ መኪናዋ እንደ ደከመው በሬ ቀስ ብላ ተንበረከከች። አራት ጣት ሙሉ። አጨበጨብኩ፤ አዎ፣ አጨበጨብኩ።

«አሁን እንዳትነካት» አለኝ ነስሩ። «በራሱ ይብረድ። ነገ ጠዋት ና።»

ነገ ድንኳን ይተከላል፣ በሬ ይታረዳል፣ ዘመድ ከአዲስ አበባ ይገባል። ማን ነው ብረት እስኪበርድ የሚጠብቀው? በሩ ላይ ገጀራ የሚያበርድበት ባልዲ አየሁ።

«ገጀራውን ውሃ ውስጥ ትነክረው የለም እንዴ?»

«እሱማ ገጀራ ነው።»

«ብረት ብረት ነው!» አልኩና አጠገቡ የነበረውን ጀሪካን አንሥቼ ቀዩ ሞላ ላይ ገለበጥኩት። ጭስ ሸፈነን። በጭሱ ውስጥ ቅጭ የምትል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ጥርስ ስንጥቅ ሲል የሚሰማ ዓይነት።

«በለው! ምን አደረግክ?» አለ ነስሩ። ከዚያ ትከሻውን ሰበቀ። «መኪናዋ ያንተው ናት።» ያን ወር አረብ አገር ሄደ፤ እስካሁን አልተመለሰም።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን በአበባና በነጭ ጥብጣብ አስጌጥኳት። ሆዷ መሬት ሊስም ደርሷል። በመንደራ ቆጪ ያለፍኩት መንገዴ ሆኖ አይደለም፤ አባ ተማም እንዲያዩኝ ነው። እዩልኝ ለማለት። ግቢያቸው ውስጥ ከእሳቸው በቀር ሰው አልነበረም፤ ደረጀም ሱቁን ዘግቶ ለሚዜነት ልብስ ሊገዛ ሄዷል። አባ ተማም ወጡ። ምንም ሳይሉ በጉልበታቸው ተንበርክከው እጃቸውን ከጎማው በላይ ሰደዱ። መፍቻ አነሡ። ኳ።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆዩ። መፍቻውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት።

«እሳት ነክቶታል።»

«አዎ።»

«ውሃስ?»

ጥብጣቡን ማስተካከል ጀመርኩ።

«ገጀራ ይቆርጣል፤ ሞላ ይሸከማል» አሉ። «አንተ ሞላውን ገጀራ አደረግከው፤ ከእንግዲህ አይለጠጥም፣ ይሰበራል። ነገ ማን ነው የሚቀመጥባት?»

«ትዕግሥትና ሙሽራው፣ ሁለት ሚዜ።»

«በየት ትሄዳላችሁ?»

«ጅሬን ወጥተን ፎቶ ተነሥተን እንወርዳለን።»

ፊታቸው ተለወጠ። «በሌላ መኪና ትሂድ። እለምንሃለሁ፤ ወላሂ እለምንሃለሁ።»

ሰው እንዴት ክፉ እንደሚሆን እነግራችኋለሁ፤ ትክክል እንዳልሆነ ሲያውቅ ነው። «እርስዎ ሌላ ሰው ስለሠራት ቀንተው ነው» አልኳቸው። እሱ ሳያንስ፣ ያቺን እስከ ዛሬ ሳስባት የምታንገበግበኝን ቃል ጨመርኩ። «የልጅዎን ዕጣ በእህቴ ላይ አያሟርቱ!»

ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ብረት አዩ። ረጅም ጊዜ አዩት። እኔን ሲያዩ ቁጣ የለም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

«የሠራው ይቅደም» አሉኝ። «አሁን የሠራኸው አንተ ነህ። ግባና አሸዋ ጭነን እንሂድ።»

«ጊዜ የለኝም።»

ውሸት ነው። ፈርቼ ነው። ያቺ ቅጭ ያለችው ድምፅ ከዓርብ ጀምሮ ጆሮዬ ውስጥ ነበረች።

«ቶሌ» አሉ። «እንግዲያው እኔ እቀድማለሁ።»

ጆንያዎቹን አወጡ። ለሙሽራው አራት ተኩል ፈረሱላ፣ ለሚዜዎቹ አምስትና አራት። «ትዕግሥት ስንት ናት?» አሉኝ። «እኔ ምን አውቃለሁ!» አልኳቸው። «ሦስት ከሩብ» ብለው ራሳቸው መለሱ፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቋታል። አሸዋውን ለክተው ሞሉ፣ አፉን ሰፉ፣ ከዚያ በጠመኔ እያንዳንዱ ጆንያ ላይ ጻፉ። ሙሽራ። ሚዜ። ሚዜ። ሙሽሪት። ለምን እንደሚጽፉ ስጠይቃቸው «ማን ማን እንደሆነ እንዳልረሳ» አሉኝ። ሙሽሪትን ከኋላ በመስኮቱ በኩል አስቀመጧት። እኔ ደግሞ፣ ቀለሟን እንዳይጭሩብኝ ብዬ፣ ባጃጅ ይዤ ከኋላቸው ተከተልኩ። ለቀለም ነበር የተጨነቅኩት!

ዳገቱን በደህና ወጡ። ላይ ሲደርሱ ዞሩና እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ወደ ኋላ ራቅ እንድንል ምልክት ሰጡን። ከዚያ ቁልቁል ጀመሩ። ቀስ ብለው ነው፤ ሰው በእግሩ ሊቀድማቸው ይችላል። የባጃጁ ልጅ «ሽማግሌው እንቁላል ነው እንዴ የጫኑት?» ብሎ ሳቀ። አንደኛውን መታጠፊያ አለፉ። ሁለተኛውን አለፉ። እኔም ልቤ ሞቅ አለ፤ አየህ፣ ምንም የለም እያልኩ ለራሴ።

ሦስተኛው ላይ ጧ አለ። ጥይት መስሎኝ ጎንበስ አልኩ። የግራው ጎማ ወደ ውስጥ ገባ፣ መኪናዋ በአንድ ጉልበቷ ወደቀች፣ ተሽከረከረችና በጎኗ ቦዩ ውስጥ ተኛች። አንድ ጆንያ በኋላው መስኮት ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ፈረጠ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ መጀመሪያ ዓይኔ የሄደው ወደ እሳቸው ሳይሆን ወደ ጆንያው ነው። ጽሑፉ ወደ ላይ ነበር። ሙሽሪት ይላል። አሸዋው በተቀደደው በኩል እየፈሰሰ ቁልቁለቱን ይወርዳል።

ነገ በዚህ ሰዓት ያ ጆንያ እህቴ ትሆን ነበር።

ሰው ተሯሩጦ አወጣቸው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ሣሩ ላይ አስተኝተናቸው ሳለ አጎቴ ጋሼ መኮንን እየጮኸ ደረሰ። «ማን ነው ይቺን መኪና የሠራት? ማን ነው ልጄን ሊገድልብኝ የነበረው?»

አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፤ ያኔ ልናገር ነበር። እሳቸው ቀደሙኝ።

«ሥራዬ ነው። ይቅር በሉኝ» አሉ።

ከዚያ አንገቴን በዚያ ዘይት በለበሰ እጃቸው ስበው ጆሮዬ ላይ ተነፈሱ። «ዛሬ ዝም በል። የልጅቷን ሠርግ አታበላሽ። ሠርጉ ይለቅ፤ ያኔ ትናገራለህ።»

ሠርጉ በተዋሰነው መኪና ሆነ። እኔም ጨፈርኩ። ሰው ይገርማል።

በሳምንቱ ሆስፒታል ልጠይቃቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው አዴ ዘይነባ አጠገባቸው ተቀምጠዋል። «ሠርጉ አለቀ?» አሉኝ አባ ተማም። «አለቀ፤ እናገራለሁ» አልኳቸው። አልተናገርኩም። ትዕግሥት ጫጉላ ላይ ነች፣ እናቴ ደም ግፊት አለባት፣ አጎቴ ይቆጣል፤ ምክንያት ለፈለገው ሞልቷል። ከወራት በኋላ ሂርማታ ገበያ ውስጥ በምርኩዝ እያነከሱ አገኘኋቸው። «ሠርጉ አለቀ እንዴ?» አሉኝ። ሌላ ጊዜ የትዕግሥትን ልጅ አቅፌ ስሄድ መንገድ ላይ ተገናኘን። የሕፃኗን ጉንጭ ነኩ፣ «ማሻአላህ» አሉ፣ ከዚያ እኔን ቀና ብለው አይተው በዚያው በለሰለሰ ድምፅ፣ «ሠርጉ ገና አላለቀም?»

አጠገባቸው የነበሩ ሰዎች ተሳሳቁ። «ሽማግሌው ጃጅተዋል» አሉ። አልጃጁም። ላብ ያጠመቀው እኔን ነው።

በዚያ መሐል ደረጀ ሙሽራ ገልባጭ የሚለውን ስም አወጣ፤ ከተማው ተቀበለው። ባለመኪኖች አንድ በአንድ ቀሩ። የሚቀጥለው የቡና ወራት መጣ፤ መኪኖቹ በበራቸው እያለፉ ሌላ ቦታ ተሰለፉ። እሳቸው በሩ ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ የሚያልፈውን ባሌስትራ ድምፅ ያዳምጣሉ። አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ፤ ግድግዳው ላይ ከአሮጌው ብረት አጠገብ ሌላ ሚስማር ተመቷል። የተሰበረው ሞላ ተሰቅሏል። የእኔ ሞላ። ሰው ሲጠይቃቸው ምን እንደሚሉ ደረጀ ነገረኝ፤ እየሳቀ። «ሥራዬ ነው» ይላሉ።

ከዚያ ወዲህ ነው አጋሮ ሥራ የፈለግኩት። ለደመወዝ ነው ብዬ ለሰው አወራሁ። ሸሽቼ ነው።

የለቅሶው ድንኳን ስደርስ ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሼኹ ዱዓ አድርገው ጨርሰዋል፤ ወሬ ተጀምሯል። ጋሼ መኮንን በምሰሶው ሥር አለ። ደረጀ ለማያውቁ እንግዶች ታሪኩን እየነገረ ነው። «ይኼን ሁሉ ባሌስትራ ሠርቶ፣ አንዲት የሙሽራ መኪና አሸነፈችው! አላህ ይማረው እንጂ…» ሁለት ሦስት ሰዎች ፈገግ አሉ። ፈገግታው ክፉ አልነበረም። እሱ ነው ያቃጠለኝ፤ ክፋት እንኳ ሳይኖርበት እንዲሁ እየተበላ የሚኖር ስም።

ተነሥቼ ቆምኩ።

«ሠርጉ አለቀ» አልኩ።

ማንም አልገባውም። ደረጀ «ተቀመጥ እንጂ፣ ምን ሆነሃል?» አለኝ።

«ሞላውን በእሳት ያስነካሁት እኔ ነኝ። በጋለው ብረት ላይ ውሃ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። እሳቸው አይሆንም ብለው ለመኑኝ። ልጃቸውን ጠቅሼ ሰደብኳቸው።» ወደ ጋሼ መኮንን ዞርኩ። «ትዕግሥት እንዳትሞት እሳቸው ቀድመው ተቀመጡባት። ሥራዬ ነው ያሉት ለሠርጉ ብለው ነው። ከሠርጉ በኋላ ተናገር ብለውኝ ነበር። አምስት ዓመት አልተናገርኩም።»

ድንኳኑ ጸጥ አለ። አባ ተማም መፍቻ ሲያነሡ የነበረው ዓይነት ጸጥታ ነው። ጋሼ መኮንን ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ደረጀ መሬት መሬት ያያል። «ወላሂ፣ ጠይቀን እንኳ አናውቅም» አለ አንድ የጭነት መኪና ባለቤት፤ ለእኔ አልነበረም የተናገረው።

ከቤቱ በር አዴ ዘይነባ ቆመው ነበር። ሁሉንም ሰምተዋል። በእጃቸው ና አሉኝ። ወደ ግቢው ጓሮ ተከተልኳቸው።

«ይመጣል ይል ነበር» አሉኝ ቀስ ብለው። «እኔ አይመጣም እለው ነበር። እስከ ትናንትና ጠዋት ድረስ በሩ ሲንኳኳ 'እሱ ይሆን?' ይለኝ ነበር።»

አለቀስኩ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት፤ አላፈርኩም።

አላባበሉኝም። ግድግዳው ላይ ወዳሉት ሁለት ብረቶች አመለከቱኝ። «ያ አሮጌው የእሱ ነው፤ ይቆይ» አሉ። «ይኼኛው የእሱ አይደለም። ከሰው ግድግዳ ላይ አውርድ።»

አወረድኩት። ከመሰለኝ በላይ ይከብዳል።

ወደ አጋሮ ስመለስ ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር፤ ሞላውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ዝገቱ ሱሪዬን አበላሸው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ብረቱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ብረቱን አየ።

«ምንድን ነው ወንድሜ?» አለኝ።

«ሥራዬ ነው» አልኩት።